የአሮጌ ላንድክሩዘር ነዳጅ፦ በግምት የሚከፈል ሂሳብ በወልቂጤና በቡታጅራ መንገድ

መስከረም ሲገባ ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌ አገር የሚወስዱት ሁለት መንገዶች ይጨናነቃሉ። አንደኛው በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ አልፎ ወልቂጤ የሚገባው የጅማ መንገድ ነው። ሁለተኛው ከዓለም ገና ተገንጥሎ በመልካ ቁንጡሬ፣ በጢያና በቡኢ በኩል ቡታጅራ ይደርሳል። የመስቀልን በዓል ከወላጆቹ ጋር ለማክበር የሚጓዘው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው፤ በአረፋም ተመሳሳይ ጉዞ ይታያል። የአውቶቡስና የሚኒባስ ወረፋ ሲረዝም፣ ወይም የሚደረስበት መንደር ከአስፋልት የራቀ ሲሆን፣ ቤተሰብ ተሰባስቦ የሚከራየው አለዚያም ከዘመድ የሚዋሰው መኪና አብዛኛውን ጊዜ አሮጌ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ነው።

በዚያን ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ የኪራዩ ዋጋ ቢሆንም ክርክር የሚያስነሳው ግን ሁለተኛው ነው፦ ነዳጁ ስንት ሊትር ይበቃል? ሹፌሩ ወይም ባለንብረቱ «በሊትር 6 ነው የሚሄደው» ይላል። ተከራዩ «የእገሌ መኪና በሊትር 9 ይሄዳል» ብሎ ይከራከራል። ሁለቱም የሚናገሩት ከልማድና ከወሬ ነው፤ መኪናው በራሱ መንገድ ላይ የተለካበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ነዳጅ ርካሽ በነበረበት ዘመን ይህ ልዩነት በይሉኝታ የሚታለፍ ነበር። ዛሬ ግን የአንድ ቤተሰብን የበዓል ወጪ የሚያናጋ፣ በወረዳ ደረጃ ደግሞ አንድ አምቡላንስ በወር ስንት ሕሙማንን እንደሚያነሳ የሚወስን ሆኗል።

ዋጋው ከየት ወደየት ሄደ

መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት የጀመረው በሰኔ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ የአንድ ሊትር ናፍጣ ዋጋ 49 ብር ከ02 ሳንቲም፣ የቤንዚን ደግሞ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሆኖ ተወሰነ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በተደረገው ማስተካከያ ናፍጣ 98 ብር ከ98 ሳንቲም፣ ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ዋጋው በእጥፍ አድጓል ማለት ነው፤ ከዚያም ወዲህ ተጨማሪ ጭማሪ ተደርጓል። የታለመ የሚባለው ድጎማ የተመደበው ለተመዘገቡ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች በመሆኑ፣ የግል መኪና የሚነዳ ሰው ሙሉውን ዋጋ ይከፍላል።

የዋጋው ምንጭ ከአገር ውጭ ነው። ኢትዮጵያ የምትጠቀመውን ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ገዝታ በአብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል ታስገባለች። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የብር የመግዛት አቅም በመቀነሱ፣ የዓለም ዋጋ ባይጨምር እንኳ ሊትሩ በብር ሲሰላ መወደዱ አልቀረም። ከአዲስ አበባ ርቀው በሚገኙ ከተሞች ደግሞ የማጓጓዣው ወጪ ይታከልበታል።

መኪናውን በአዲስ መለወጥም ለብዙዎች የሚቻል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በዕድሜ የገፉ መኪኖችን ማስመጣት እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት መኪኖች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ እየበዙ ቢሆንም፣ የኃይል መሙያ ጣቢያዎቹ በአብዛኛው የተከማቹት በዋና ከተማዋ ነው። ስለሆነም ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ መግባት ያለበት ሰው ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለውን ላንድክሩዘር፣ ፓትሮል ወይም ላንድሮቨር እየጠገነ መቀጠሉ የማይቀር ነው። መኪናውን መለወጥ ካልተቻለ የቀረው መንገድ የሚጠጣውን ማወቅና መቀነስ ነው።

የመለኪያው ዘዴ

በአካባቢው በብዛት የሚታየው በተለምዶ ሃርድቶፕ የሚባለው ላንድክሩዘር ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚንቀሳቀሱት ዋን ኤችዜድ በሚባለው ባለ 6 ሲሊንደርና 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው። ተርቦ የለውም፤ ናፍጣውን የሚረጨው ያለ ኮምፒውተር በሜካኒካል ፖምፓ ነው። በቀላሉ መጠገኑ የዕድሜው ምስጢር ቢሆንም፣ በሰሌዳው ላይ የነዳጅ ፍጆታን የሚያሳይ መሣሪያ የለም። ባለንብረቱ ራሱ ካልለካ የሚነግረው አይኖርም።

መለካቱ ከባድ አይደለም። ከጉዞው በፊት መኪናው ሜዳ ቦታ ላይ ቆሞ፣ የማደያው ቧንቧ ራሱን በራሱ እስኪዘጋ ድረስ ይሞላል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ንባብ ይጻፋል። ከጉዞው ሲመለስ በዚያው ማደያ፣ ቢቻል በዚያው ቧንቧ፣ እንደ መጀመሪያው ይሞላል። ቆጣሪው ያሳየው ኪሎ ሜትር በሁለተኛው ጊዜ ለገባው ሊትር ሲካፈል የመኪናው እውነተኛ ፍጆታ ይገኛል። የነዳጅ መለኪያ ቀስት «ግማሽ ደርሷል» እያለ የሚሰጠው ግምት ለዚህ አይበቃም፤ የአሮጌ ታንከር ቀስት ብዙ ጊዜ እኩል አይወርድም።

ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ልኬቱ የደርሶ መልስ እንዲሆን ነው። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ትገኛለች። 3 ቶን የሚመዝን ሙሉ መኪና ይህን ከፍታ ሲወጣ፣ ለከፍታው ብቻ ከ1 ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ናፍጣ ያወጣል። ስለዚህ መውረጃውን ብቻ የለካ ሰው መኪናውን ያለ አግባብ ያመሰግናል፤ መውጫውን ብቻ የለካም ያለ አግባብ ያማል። ከወልቂጤ አልፎ ወደ ጅማ የሚሄድ ደግሞ የጊቤን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ስላለበት ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ጎማን ይመለከታል። መኪናው ከተሠራበት ልክ የሚበልጥ ጎማ ከታሰረለት፣ ቆጣሪው ከተሄደው መንገድ ያነሰ ኪሎ ሜትር ያነባል። 158 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን የአዲስ አበባና የወልቂጤ መንገድ 150 ብሎ ያነበበ ቆጣሪ፣ ስሌቱን በ5 በመቶ ያህል ያዛባል። በመንገድ ዳር ከተተከሉት የኪሎ ሜትር ምልክቶች ጋር አንድ ጊዜ ማስተያየት ይህን ስሕተት ያርማል።

ነዳጁ የት ይሄዳል

በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ አሮጌ የናፍጣ ላንድክሩዘር በአስፋልት ላይ በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል ብለን እንነሣ። ለአዲስ አበባና ወልቂጤ የደርሶ መልስ ጉዞ 316 ኪሎ ሜትር 39 ሊትር ተኩል ይበቃዋል። ያው መኪና በቸልተኝነት ምክንያት ወደ 6 ቢወርድ 52 ሊትር ከግማሽ በላይ ይጠይቃል። ልዩነቱ 13 ሊትር ነው። ለሂሳቡ ቅለት ሊትሩ 100 ብር ቢባል 1,300 ብር በአንድ ጉዞ ይባክናል። ይህ ብር ለሾፌሩም ለባለንብረቱም ለተሳፋሪውም አይጠቅምም፤ በጭስና በሙቀት ይጠፋል።

የመጀመሪያው ምክንያት ፍጥነት ነው። የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። መኪናው ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲጨምር ፍጥነቱ በሩብ ብቻ ያድጋል፤ የነፋሱ ግፊት ግን ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ላንድክሩዘር ፊቱ እንደ ግድግዳ የቆመ በመሆኑ ይህ ከትንንሽ አውቶሞቢሎች ይልቅ እሱን ይጎዳዋል። ከአዲስ አበባ እስከ ወልቂጤ በ80 መሄድ በ100 ከመሄድ በግማሽ ሰዓት ያህል ቢያዘገይ ነው፤ በበዓል ሰሞን በሚኖረው መጨናነቅ ደግሞ ይህም ጊዜ አይገኝም።

ሁለተኛው ፖርቶመጋላ ነው። በመስቀል ጉዞ ሻንጣው፣ ፍራሹና ስጦታው ሁሉ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ክብደቱ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ ነፋሱን መቀበሉ ይከፋል። በተቻለ መጠን ዕቃውን ወደ ውስጥ ማስገባት፣ ካልሆነም ዝቅ አድርጎ አንጥፎ በሸራ አጥብቆ ማሰር ይጠቅማል። ከበዓል በኋላ ባዶውን ፖርቶመጋላ ዓመቱን ሙሉ ተሸክሞ መዞርም ሳይታወቅ የሚከፈል ወጪ ነው።

ሦስተኛው አየር ነው። ቡታጅራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ፣ ወልቂጤ ደግሞ ከ1,900 ሜትር በላይ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር አየሩን በራሱ ስለሚስብ ኃይሉ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ፖምፓው ግን ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ የናፍጣውን መጠን አይቀንስም። የሚተርፈው ናፍጣ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። አንዳንድ ሹፌሮች ጥቁር ጭስን የጉልበት ምልክት አድርገው ያዩታል፤ እውነቱ ግን ተከፍሎበት ያልተሠራበት ናፍጣ መሆኑ ነው። በአቧራ የተዘጋ የአየር ፊልትሮም ተመሳሳይ ውጤት አለው። ከእምድብር ወይም ከጉንችሬ ገባ ብሎ በጥርጊያ መንገድ ለሳምንት የተመላለሰ መኪና ፊልትሮው ካልተራገፈ ወይም ካልተቀየረ ዋጋውን በማደያ ይከፍላል። ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖ ጭሱ ከቀጠለ ፖምፓውንና ኖዝሉን ሙያው ላለው ሰው ማሳየት ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ሌላ በዝምታ የሚበሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ነፋሱ የጎደለ ጎማ መኪናውን ወደ ኋላ ይጎትታል። የሚይዝ ፍሬን እንዲሁ ነው፤ ከረዥም ጉዞ በኋላ ከአራቱ ጎማዎች የአንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ይልቅ ከጋለ ፍሬኑ ሳይለቅ ቆይቷል ማለት ነው። የፊት ዲፈረንሻል ለጭቃ ገብቶ በአስፋልትም ሳይወጣ ከቀረ ነዳጅንም ጎማንም ይበላል። አንዳንድ ጋራዦች ሞተር እንዳይግል በሚል ቴርሞስታቱን አውጥተው ይጥላሉ፤ በዚህ የተነሣ ሞተሩ የሚሠራበት ሙቀት ላይ ሳይደርስ ስለሚሄድ ፍጆታው ይጨምራል። የሚግል ሞተር መፍትሔው ራዲያተሩን ማጽዳትና የውኃ ፖምፓውን ማየት ነው።

በፎሌ መውረድ አያተርፍም

ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል የሚደረግ አንድ አደገኛ ልማድ ለብቻው መነሣት ይገባዋል። ይህም ቁልቁለት ላይ ማርሹን አውጥቶ በፎሌ መልቀቅ ነው። በማርሽ የሚወርድ የናፍጣ መኪና እግር ከነዳጅ መርገጫው ላይ ሲነሳ፣ ፖምፓው ናፍጣ መርጨቱን ያቆማል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። በፎሌ የሚወርድ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ መጠጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ቁጠባ የተባለው ነገር በአብዛኛው ከንቱ ነው። ትርፉ አደጋ ነው፤ ሞተር የማያግዘው ፍሬን በጊቤ ቁልቁለት ወይም በጉራጌ ተራሮች ጠመዝማዛ ላይ ግሎ አልይዝ ሲል፣ የጠፋውን ሕይወት የሚተካ ሊትር የለም።

መኪናው ወይስ የተሳፋሪው ቁጥር

«ላንድክሩዘር ነዳጅ ይበላል» የሚለው አነጋገር እውነት ቢሆንም ሙሉ አይደለም። ከላይ በተጠቀሰው 39 ሊትር ተኩል 8 ሰዎች ደርሰው ቢመለሱ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 5 ሊትር አይሞላም። በሊትር 14 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ትንሽ አውቶሞቢል ለዚሁ መንገድ 22 ሊትር ከግማሽ ያህል ይበቃዋል፤ የተጫነው ሾፌሩ ብቻ ከሆነ ግን ያ ሁሉ የአንድ ሰው ወጪ ነው። በአንጻሩ ሁለት ሰዎች ብቻ ለስብሰባ የሚሄዱበት ላንድክሩዘር ለእያንዳንዳቸው 20 ሊትር ያህል ያቃጥላል። ሙሉ አውቶቡስ ከሁሉም ያነሰ እንደሚያወጣም ግልጽ ነው።

ይህ ስሌት በበዓል ለሚጓዝ ቤተሰብ አንድ ነገር ይነግረዋል፦ ሁለት መኪና ግማሽ ግማሽ ጭኖ ከመሄድ አንዱን በሕግ በተፈቀደው የሰው ቁጥር ሞልቶ መሄድ ይሻላል። ለመሥሪያ ቤቶችም መልእክት አለው። ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ማዕከል ሆነዋል። ከዞን ወደ ሆሳዕናና ወደ ወረዳዎች የሚደረገው የሥራ ጉዞ በርካታ ነው። ሁለትና ሦስት ጽሕፈት ቤቶች በአንድ ቀን ወደ አንድ ወረዳ የሚሄዱ ከሆነ መኪናቸውን ማቀናጀት ከየትኛውም የሞተር ጥገና የበለጠ ነዳጅ ያድናል።

ለገበሬውም ነገሩ የራቀ አይደለም። የማረቆ በርበሬ ወይም ከቸሃና ከእዣ የሚወጣ ቆጮ ከመንደር እስከ አስፋልት የሚደርስበት ወጪ በምርቱ ዋጋ ላይ ይታከላል። ባለመኪናው «ነዳጅ ጨምሯል» ብሎ የጭነት ዋጋ ሲያሳድግ፣ ጭማሪው የነዳጁ ይሁን በጥገና ጉድለት የሚባክነው፣ የተለካ ነገር ከሌለ መለየት አይቻልም። ገበሬው ግን ሁለቱንም ይከፍላል።

በአምቡላንስ ላይ ሲደርስ

የነዳጅ ልኬት ጉዳይ ክብደቱ ጎልቶ የሚታየው በጤና አገልግሎት ላይ ነው። በወረዳዎች የሚሠሩት አምቡላንሶች አብዛኞቹ ላንድክሩዘር ናቸው። ብዙዎቹም ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ የሚመላለሱት ደግሞ በጥርጊያ መንገድ ነው። ለአንድ አምቡላንስ 100 ሊትር ናፍጣ ተመደበ እንበል። በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ከሄደ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል። ወላድ የሚያመላልስበት መንገድ ደርሶ መልስ 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን 20 ጊዜ ይመላለሳል። ወደ 6 ከወረደ ግን 600 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ይህም 15 ጊዜ ነው። አምስት ቤቶች አምቡላንስ ሲጠሩ «ነዳጅ የለም» የሚል መልስ ይሰማሉ ማለት ነው።

በበጀት ሰነድ ላይ ሁለቱም አምቡላንሶች 100 ሊትር ተጠቅመዋል፤ ልዩነቱ አይታይም። የሚታየው ሊትሩ ከተሄደው ኪሎ ሜትርና ከተነሡት ሕሙማን ቁጥር ጋር ጎን ለጎን ሲጻፍ ብቻ ነው። የአንድ አምቡላንስ ፍጆታ ካለፈው ወር በድንገት ከተበላሸ ምክንያቱ ከሦስት አይወጣም፦ መኪናው ታሟል፣ መንገዱ ከፍቷል፣ አለዚያም ነዳጁ ሌላ ቦታ ሄዷል። የትኛው እንደሆነ ማጣራት የሚቻለው መዝገብ ካለ ነው። መዝገቡ ታማኙን ሹፌርም ከሐሜት ያድነዋል።

ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን

ለቤተሰብና ለተከራይም መፍትሔው ይኸው ነው። መኪና ሲከራዩ ወይም ሲዋሱ በግምት ሊትር ቆርጦ ከመከራከር ይልቅ «ሙሉ ተረክቤ ሙሉ እመልሳለሁ» የሚለው ውል ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል። ባለንብረቱ መኪናው በጥሩ ሁኔታ እንዳለ ካመነ የደርሶ መልስ ልኬቱን ያሳያል፤ ተከራዩም ፈጥኖ ነድቶ ያባከነውን ራሱ ይከፍላል። ነዳጅ በቴሌብርና በሌሎች የዲጂታል አማራጮች መከፈል ከጀመረ ወዲህ የተከፈለበት ቀንና የገንዘቡ መጠን በስልክ ላይ ስለሚቀር፣ ከዚያው ጎን የኪሎ ሜትሩን ንባብ ጽፎ መያዝ ብቻ ይበቃል። ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚገዛ ነዳጅ ግን ልኩም ንጽሕናውም ስለማይታወቅ ከዚህ ሂሳብ ውጭ ነው፤ ውኃ ወይም ቆሻሻ የተቀላቀለበት ናፍጣ የሚያበላሸው ፖምፓ ከብዙ ሙሉ ታንከር የበለጠ ዋጋ ያስከፍላል።

አሮጌው ላንድክሩዘር ከጉራጌ መንገዶች ገና ለብዙ ዓመታት አይጠፋም። ዋጋውን የሚወስኑት ዓለም አቀፍ ገበያና የምንዛሪ ተመን ከወልቂጤም ከቡታጅራም ነዋሪ እጅ ውጭ ናቸው። የፍጥነቱ መጠን፣ የጣሪያው ጭነት፣ የፊልትሮው ንጽሕና፣ የተሳፋሪው ቁጥርና በደብተር የሚሰፍረው ንባብ ግን በእጁ ናቸው። ዘንድሮ ለመስቀል የሚነሣ ቤተሰብ ከመነሣቱ በፊት ታንከሩን ሞልቶ ቆጣሪውን ቢጽፍ፣ ሲመለስ የሚያገኘው ቁጥር ለሚመጣው ዓመት ጉዞ ክርክሩን አስቀድሞ ይዘጋዋል።